ከበርጫ በኋላ የታየ ወፍ

ድሬዳዋ ውስጥ ወፍ የምናይ ሰዎች ብዙ አይደለንም፤ ተጠራርተን ብንወጣ ሁለት ባጃጅ አንሞላም። ግን ሕግ አለን። የመጀመሪያው ሕጋችን ከምሳ በኋላ የታየ ወፍ አይመዘገብም ይላል።

ሕጉን ያወጣው የቴሌግራም ቡድናችንን የከፈተው ሽማግሌ ነው። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዕድሜውን በጅቡቲ መንገድ ሲመላለስ ጨርሶ፣ መሪ ይዞ ሰማይ ማየት የለመደ ሰው። አጎቴ ባይሆንም በሱማሌ ወግ «አዴር» እለዋለሁ፣ እሱም መልሶ «አዴር» ይለኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ አባላችን ከበርጫው ሳይነሳ በመስኮት ተመልክቶ «ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሰጎን ቆሟል» ብሎ ጻፈ። ያለነው ሁሉ ግር ብለን ወረድን። የቆመው አህያ ነበር፤ ያውም ጭነቱን እንደተሸከመ። አዴር በዚያው ምሽት በድምፅ ላከልን፦ «ስሙኝ፣ ጫት ቅሞ ወፍ አየሁ የሚልን ሰው ከዛሬ ጀምሮ አላምንም። እኔም ብሆን ቅሜ ካየሁ አትመኑኝ።» የድሬ ወንድ ከምሳ በኋላ የት እንደሚገኝ የታወቀ ስለሆነ፣ ከሰዓት የሚባለው ጊዜ በሙሉ ከመዝገብ ወጣ።

ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ እኔ አልቅምም።

ታይዋን ገበያ ሰልባጅ ልብስ እሸጣለሁ። ጠዋት ሱቁ የኔ ነው፤ ወንድሜ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ አልጋ አይለቅም። አስር ሰዓት ላይ ሲረከበኝ በሚኒባስ ወደ ሳቢያን እመለስና መነጽሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከሰፈሬ ጀርባ ወዳለው ሜዳ እወጣለሁ። የሩቁን የሚያቀርበው መነጽር ራሱ ከሰልባጅ ነው የወጣው፣ ከአንድ ወፍራም ካፖርት ኪስ። ካፖርቱ ድሬ ላይ ገዢ አጥቶ እስካሁን ተሰቅሏል። ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ሳገላብጥ ውዬ ቀና ብዬ ሰማይ ሳይ ትከሻዬ ይፈታል። ሰው «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት» ይላል፤ ይበል።

ታዲያ በኔ ሰዓት ያየሁት ሁሉ መና ቀረ። ሽመላዎች በመንጋ ሆነው በጀልዴሳ በኩል ሲያልፉ አየሁ፤ አልተመዘገበም። ንስር ከአንቴና ላይ እርግብ ሲነጥቅ አየሁ፤ አልተመዘገበም። «እህቴ፣ ደስ ይላል፣ ግን ሕግ ሕግ ነው» ይሉኛል። እነሱ በቃሙት እኔ መርቅኜ ቀረሁ።

ፈረንጅ አገር በረዶ ሲገባ ብዙ ወፍ ወደኛ ይወርዳል። ለኛ ያ ጊዜ በጋ ነው፣ ድሬም ትንሽ የምትተነፍስበት ወራት ነው። ከእንግዶቹ ሁሉ የምንኮራው በነጭ ጥንብ አንሳ ነው። ስሙ አያምርም፣ ምግቡም አያምርም፤ ግን ነጭ ገላውንና ቢጫ ፊቱን በማታ ፀሐይ ያየ ሰው ስሙን ይረሳል። ከሌላው ዓለም እየጠፋ ነው ስለሚባል አዲስ አበባ ያሉ የወፍ ሰዎች በየዓመቱ «እናንተ ጋ መጣ?» ብለው ይጠይቁናል። መልሱን የሚጽፈው አንድ የባዮሎጂ መምህር ነው፣ የቡድናችን አባል።

ዘንድሮ ወንዶቹ ከጠዋት ሶላት በኋላ ቄራው ጀርባ እየሄዱ ከሁለት ከሦስት በላይ አጡ። መምህሩ በቡድኑ ላይ ጻፈ፦ «ነጭ ጥንብ አንሳ ድሬ መምጣቱን እያቆመ ነው ብዬ ልልክ ነው። ተቃውሞ ያለው አለ?»

ደሜ ፈላ። እኔ እኮ በየማታው እያየኋቸው ነው! ከሜዳው ማዶ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከየአቅጣጫው መጥተው በብረት ምሰሶዎቹ ላይ ይሰፍራሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ይህንኑ ጻፍኩ፣ በስልክ ያነሳሁትንም ፎቶ ላክሁ። ፎቶው ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ባጃጅ የሚነዳው አባላችን «ደግሞ ላንቺ የጫት ገራባ ማን ሰጠሽ?» ብሎ የሚስቁ ፊቶች ደረደረ። መምህሩ ቁራ ሊሆኑ እንደሚችሉ በትሕትና አስረዳኝ። ትሕትናው ከሳቁ ይልቅ አናደደኝ። በማግስቱ ጠዋት ሄደው ምሰሶዎቹን አዩ፤ ፀሐይ ወጥታ ስለነበር ወፎቹ በረዋል። «ባዶ ነው። ነገ እልካለሁ» የሚል የመምህሩ መልእክት መጣ።

የዚያን ዕለት ሚኒባሱ ሳቢያን ሲደርስ አልወረድኩም። ቀጥዬ አዴር ቤት ሄድኩ። በርጫው እሱ ጋ እንደሚሆን አውቅ ነበር። በወንዶች በርጫ በር ላይ የሴት ድምፅ ከተሰማ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ቤት ተቃጥሏል፤ መጋረጃውን ስገልጥ አዴር፣ መምህሩና ባጃጅ ነጂው ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«ወላሂ፣ ማን ሞተ?» አለ ባጃጅ ነጂው።

«ወፉ ሞተ ብላችሁ ነገ ልትልኩ አይደል? ተነሱ፣ ሬሳውን ላሳያችሁ።»

«ጠዋት ሄደን አየን እኮ፣ እህቴ» አለ መምህሩ።

«ጠዋት ሥራ የሄደን ሰው ቤቱ ፈልጋችሁ አጣችሁት። ማታ ነው የሚገባው! አቦ፣ አንድ ቀን ከፍራሽ ብትነሱ ምን ትሆናላችሁ?»

አዴር ጉንጩን እንደሞላ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ሕጉ የሱ ነው፣ ቤቱ የሱ ነው፣ አሁን ቢስቅ ለዘለዓለም መሳቂያ ሆኜ እቀር ነበር። መጋረጃውን ግን አልለቀቅኩም።

«ሃዬ፣ እሺ» አለ በመጨረሻ፣ ጫቱን በፌስታል እየቋጠረ። «ባጃጁን አስነሳ።»

መምህሩና እኔ አዴርን መሃል አድርገን ከኋላ ተጣበቅን። መንገዱን ሁሉ በልቤ እጸልይ ነበር፤ አላህዬ፣ ዛሬን ብቻ እንዳይቀሩ።

ሜዳው ጫፍ ስንደርስ ምሰሶዎቹ ባዶ ነበሩ። ባጃጅ ነጂው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፣ ጫማዬን ነበር የማየው። ከዚያ አዴር ክርኔን ያዝ አደረገኝ።

ከቢዮ አዋሌ በኩል አንድ መጣ። ተከትሎት ሁለት። ከዚያማ ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም፤ ነጩ ክንፍ በማታው ብርሃን ወደ ወርቅ እየተጠጋ፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ፣ ብረቱን ከላይ እስከ ታች ሞሉት። ጥቁር ቡናማ የሆኑት ወጣቶቹ ደግሞ ከታች ባገኙት ቦታ ተሸጎጡ። ባጃጅ ነጂው አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ጫቱ እስኪታይ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መቁጠር ጀመሩ። መምህሩ ሃምሳ አለ። ባጃጅ ነጂው መቶ ሃምሳ ብሎ ማለ። መምህሩ ደግሞ ቆጥሮ ዘጠና አለ። እርስ በርስ ተጨቃጨቁ፣ ጠቋሚ ጣታቸው አየር ላይ ተጋጨ። አዴር ግን አንድም አልቆጠረም።

«በቃ!» አለ። «ሦስታችንም ቅመናል። የኛ ዓይን ዛሬ አይሠራም። እዚህ ያልቃመ ሰው አንድ ነው።» ወደኔ ዞረ። «ቁጠሪ፣ አዴር። አንቺ ያልሽው ነው የሚሄደው።»

መነጽሬን አነሳሁ። በየምሰሶው ከላይ ጀምሬ እየወረድኩ ቆጠርኩ፤ አንዱ ሲነሳና ሲሰፍር እየጠበቅኩ፣ ሳልቸኩል። ሦስት ወንዶች እስትንፋሳቸውን ይዘው ሲጠብቁኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ አስረዘምኩት።

«ሰባ አንድ» አልኩ።

መምህሩ ስልኩን አውጥቶ ለአዲስ አበባ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ከፈተ፣ «መምጣቱን እያቆመ ነው» የሚለውን ዓይኔ እያየ አጠፋው። ሰባ አንድን ጻፈ። ከዚያ ትንሽ አፍሮ ቀና አለ።

«ያየው ሰው ሙሉ ስም ይጠየቃል፤ እዚህ እኮ ሁላችንም «እህቴ» እያልን ነው የምንጠራሽ። ማን ልበል?»

ሻሼን አስተካክዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ነገርኩት።