ድንበር የነበረው ቀጋ

ባለፈው መስከረም ሮቤ ውስጥ በአንድ ግቢ በር ሳልፍ ቀጋ እየመነጠሩ ነበርና፣ ከተቆረጠው እርጥብ ግንድ የወጣው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ እግሬ ቆመ። ሰዎቹ የታመምኩ መስሏቸው ውሃ ሊያመጡልኝ ሲሉ አያስፈልግም ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ለማላውቀው ሰው የሚነገር ነገር አልነበረም። አሁን ግን የሚቀየሙኝ ሰዎች አብዛኞቹ ስለሞቱ እናገረዋለሁ።

ያደግሁት በንጉሡ ዘመን ጎባ ዳርቻ ነው። አባቴ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ሞቶ እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። ጓሯችንን ከአባቴ ታላቅ ወንድም ከደምሴ ጓሮ የሚለየው፣ አባቴና እናቴ ጎጆ በወጡበት ዓመት አባቴ የተከለው የቀጋ አጥር ነበር፤ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ያገኘው ዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ የሚወጣ፣ እሾሁ ከብት የማያሳልፍ። ደምሴን በሕይወት ሳለ ጋሼ እያልኩ አንቱ ስለው ኖሬአለሁ፤ አሁን አልልም።

ዝናቡ ሲያባራ ነጭ አበባው ይፈነዳና ንብ ይሰፍርበት ነበር። በበጋ ፍሬው ሲቀላ እናቴ ለቅማ፣ ለሁለት ሰንጥቃ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጠውን ጸጉራም ዘር በማንኪያ ጫፍ ፍቃ ታወጣና፣ ግማሹን እንበላዋለን፣ ግማሹን በሰፌድ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ወስፋት ለያዘው ልጅ በማር ለውሳ ትሰጥ ነበር። የደምሴ ልጆች ሆዳቸው በተነፋ ቁጥር የሚመጡት ወደ እኛ ነበር፤ እናቴም አንድ ቀን እምቢ ብላ አታውቅም። በዚህ እስከ ዛሬ እናደድባታለሁ።

የበልግ ዝናብ ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበራት። አጥሩ በሳሳበት ቦታ ረጅሙን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጋ፣ ወገቡን አፈር ውስጥ ቀብራ፣ ድንጋይ ትጭንበታለች፤ ዝናቡን ሲጠጣ ሥር ያወጣና ክፍተቱን ይሞላዋል። ድንጋዩን የማቀብላት እኔ ነበርኩ። እጇ በእሾህ እየደማ አንዱን ቀጋ ሁለት ስታደርገው ሳይ፣ በጎባ እንደ እሷ ያለች ሴት የለችም ብዬ አምን ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ በመኸሩ ማብቂያ፣ ደምሴ ድንበሬ ተገፋ ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። የፈለገው ከአጥሩ ወዲህ ያለውን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የምናበቅልበትን መሬት ነው፤ ከዚያ ሌላ መሬት አልነበረንም። ቀኑንም መርጦታል። አባቴ ቀጋውን ሲተክል በዓይናቸው ያዩት ጎረቤታችን አደ ፋጡማ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዚያራ ወርደው ነበር። ሽማግሌዎቹ አጥሩ ሥር ተቀምጠው እናቴ ልትናገር ስትነሳ፣ ደምሴ በእጁ ጠራኝ።

«ነይ እስቲ የወንድሜ ልጅ፣ አንቺ መቼም አትዋሺም። ይሄን ቀጋ የተከለው ማነው?»

«እማዬ ናት» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «በየዓመቱ ትተክለዋለች። ድንጋይ የማቀብላት እኔ ነኝ።»

«ሰማችሁ አባቶቼ? በየዓመቱ ትተክላለች፣ በየዓመቱ ትገፋለች። እኔም ይሄ ቀጋ እግር አበቀለ ወይ እያልኩ ነበር።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። እናቴ የተከለው ባሏ እንደሆነ፣ እሷ የሞላችው ክፍተቱን ብቻ እንደሆነ ልታስረዳ ብትሞክር፣ «ሴትዮ፣ ከልጅሽ አፍ ወጥቷል» ብለው አስቀመጧት። አባቴ የተከለው የቀጋ ግንድ የክንዴን ያህል ይወፍር ነበር፤ አንዳቸውም ጎንበስ ብሎ አላየውም።

በሳምንቱ ቀጋው ከሥሩ ተመነጠረ፣ ደምሴም እስከ ቤታችን ግድግዳ ድረስ ድንጋይ ደረደረ። አደ ፋጡማ ሲመለሱ በየሽማግሌው ቤት እየዞሩ ያዩትን ቢናገሩ፣ በሽምግልና ያለቀ ነገር አይቀሰቀስም ተባሉ። ከዚያ እኛ ቤት ገብተው አገጬን ያዙና «ሲጠይቁሽ፣ ለምን እንደሚጠይቁሽ አትጠይቂም?» አሉኝ። እናቴ ግን አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው በጋ የደምሴ ሚስት ልጇን ታቅፋ መጣች። እናቴ ከማሰሮው ሥር የቀረችውን የቀጋ ዱቄት ጠርጋ ሰጠቻት። ሴትየዋ ስትወጣ እንዴት ትሰጫታለሽ ብዬ ጮህኩ።

«ወስፋቱ ያለው ልጁ ሆድ ውስጥ ነው» አለች፣ ማሰሮውን እየደፋች።

ከዚያ በኋላ የሰው ማሳ እያረመች አሳደገችኝ። ደምሴ ሲሞት ቀብሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አላለቀስኩም፣ ልጆቹም አይተውኛል።

ዛሬ ድንበር በቆርቆሮ ይታጠራል፤ ክርክር ሲነሳም የሚጠየቀው ወረቀት ነው። ወረቀት ይሠረዛል፣ ይቀየራል፣ ይጠፋል እያሉ ሰዎች ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ ልክ ናቸው። ወረቀት ግን በእናቱ አይኮራም።