የመሪጌታው እግር

ከንፋስ መውጫ ገበያ ይዘው ሲያስገቡኝ፣ ክፍሉ የእህል መጋዘን እንደነበር ሽታው ነገረኝ። ነቀዝ ነቀዝ ይላል። ያኔ ፊደል የማልለይ ገበሬ ነበርሁ፤ የታሰርሁት «የተቃዋሚ ጽሑፍ በትነሃል» ተብዬ ነው።

ጥጉ ላይ ከድጓው ደብር፣ ከቤተ ልሔም በኩል የመጡ መሪጌታ ተቀምጠዋል። ግራ እግራቸው ከጭኑ ጀምሮ አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል። ሐኪሞች እንደነገሯቸው ገላቸው ራሱን እየወጋ ደማቸውን ያረጋዋል፤ ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሰው ትልቁ ሥር ሆዳቸው ውስጥ ተደፍኗል። ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ክኒን ነበራቸው። ፖሊሱ መቋሚያቸውን «ዱላ ነው» ብሎ በር ላይ ሲያስቀር ክኒኑንም አብሮ ወሰደው።

አብሮን የታሰረ አንድ የእስቴ ወጌሻ ከስንቁ ቅቤ በጣቱ ዛቀ።

«መጋኛ ነው የመታዎት። ወዲህ ይበሉ፣ ልሽልዎት።»

«ተወኝ ልጄ። የረጋው ደም ከተነቀለ ሳንባዬ ላይ ነው የሚያርፈው። ያኔ ፍትሐቴን ትሰማለህ።»

«ስንቱን ወለምታ ያቃናሁ ሰው ነኝ እኮ!»

«ያንተ እጅ ለሚያነክስ በሬ ይሁን።»

ሳቅን። ወጌሻው አኮረፈ። ቅቤውን የገዛ አናቱ ላይ ለድፎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ረፋድ ላይ ፖሊሱ ለቆጠራ ገባ። ለቆጠራ ሁሉም ይቆማል። መሪጌታ ግድግዳ ይዘው ሞከሩ፤ እግራቸው እምቢ አለ።

«ተነስ!»

«ክኒኔን ስጠኝ ልጄ፣ እነሳለሁ።»

«እስክትቆም ክኒን የለም!»

እኔም ቆሜ ነበር፤ ዱላ ያማል። ያ ያኮረፈ ወጌሻ ቁጭ አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንህ?»

«እግሬን።»

«እግርህን ምን?»

«እሳቸውን ጠይቃቸው፤ በሽታውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።»

በሰደፍ ትከሻውን መታው። አልተነሳም። እኔም ተቀመጥሁ፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ተቀመጠ። ፖሊሱ የተቀመጠ ሰው መቁጠር አልለመደም፣ እየተሳሳተ እንደገና ይጀምራል። ጩኸቱን ሰምቶ አለቃው መጣና አየን።

«ክኒኑን ስጣቸውና ገላግለን» አለ።

ክኒኑ በበሩ ተወረወረ። ወጌሻው ከወለሉ አንስቶ፣ አቧራውን በጋቢው ጠርጎ፣ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«ይዋጡ እንግዲህ። ቅቤው ይሻል ነበር።»

እግሩ እንዳበጠ ቀረ፤ መሪጌታ ግን በሕይወት ወጡ። ያሰሩን ሰዎች ይቅርታ አልጠየቁንም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ዛሬ ማንበብ ችያለሁ፣ ለስብሰባም እጠራለሁ። «ተነሱ» ሲባል መጀመሪያ ዞር ብዬ አያለሁ። መነሳት ያቃተው ሰው ካለ፣ እኔም ወንበሬን አልለቅም።