የእቴቴ የእንዶድ አረፋ

ትናንት ረፋድ ላይ ዓለም ከተማ ውስጥ፣ ፍሪጅም የመኪና ኤሲም የሚጠግን አንድ ሰው የመኪናዬን ኮፈን ከፍቶ የጋዙን ቧንቧ በሳሙና አረፋ ሲለቀልቅ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የእናቴን ታናሽ እህት፣ እቴቴን፣ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ላደርስ ነው የመጣሁት። ቀጠሯቸው ለዛሬ ጠዋት ነበር። ሳንባቸውን ታመዋል፤ ሙቀትና አቧራ እንዳይነካቸው ሐኪሙ አጥብቆ አስጠንቅቋል፤ በእኛና በሐኪሙ መሃል ደግሞ የጀማ በረሃ ተጋድሟል። መስኮት ቢከፈት አቧራው፣ ቢዘጋ ሙቀቱ። እኔ ብልጧ በኤሲው ተማምኜ ስመጣ፣ ጀማ ስወርድ የምድጃ ወላፈን ይተፋብኝ ጀመር።

«በቅርቡ እኮ ነው ጋዝ ያስሞላሁት» አልኩት ጠጋኙን።

«የሚያፈሰውን ሳያገኙ ነዋ የሞሉልዎት» አለና ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። ከአንዱ መገጣጠሚያ ሥር አንዲት አረፋ ቀስ ብላ ተነፋች፤ ፈነዳች፤ ሌላ ተተካች። እኔ ያን ጊዜ በሐሳቤ ዓለም ከተማን ትቼ ያደግኩበት መንዝ፣ ዘመሮ ገብቻለሁ።

ዘመሮ ልጆች ሳለን፣ አባቴ ከመሐል ሜዳ የገዛልን አንዲት የቆዳ ኳስ ነበረችን። ከጨርቅ ኳስ ስለገላገለችን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደ ታቦት ያከብራታል፤ እኔም ሴት ብሆን የኳሷ ባለቤት ነኝና ከጨዋታው የሚያስወጣኝ አልነበረም። ችግሩ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ ትተነፍስና እንደ ደረቀ ሎሚ ትጨማደዳለች። መንፊያ በአገሩ የለ፤ መንፊያችን እቴቴ ነበሩ። የቆዳውን ክር ፈትተው፣ አየር የሚይዘውን የውስጡን ጎማ፣ የከመነዳሪውን አፍ በጥርሳቸው ይዘው፣ ጉንጫቸውን እንደ ጥሩንባ ነፊ ወጥረው ሲነፏት ኳሷ ዓይናችን እያየ ትወለዳለች። ያ ትንፋሽ ነው እንግዲህ ለሠርግ እልል ሲል ከገደሉ ማዶ ያለውን ሰው ሳይቀር ሳልጠራ ቀረሁ የሚያሰኘው።

አንድ ቀን ወንዝ ወርደው ጋቢ ሲያጥቡ፣ ኳሷን ይዘን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ከፊታቸው ተገተርን። ቀና ብለው አዩንና፣ «ባፈሰሰ ማድጋ ውሃ ስቀዳ ልኑር? እናንተ ልጆች፣ ቀዳዳውን ሳታገኙ እስከ ምጽአት ብታስነፉኝ ምን ሊረባችሁ!» አሉ። እየተቆጡም ነፉልን፤ ነፍተው ግን እንደ ወትሮው አልሰጡንም። ጋቢው ከሚታጠብበት የእንዶድ አረፋ በእፍኛቸው ዘግነው ከመነዳሪዋን ዙሪያዋን ለቀለቋት። የእንዶድ ሽታ አፍንጫ ሰርስሮ ይገባል፤ እኛ በገብስ አገዳ አረፋ እየነፋን፣ እየተሯሯጥንና እያስነጠስን፣ የመጣንበትን ጉዳይ ረስተነዋል። «ያቻትና ሌባዋ!» ሲሉ ነው የነቃነው። ከነጩ አረፋ መሃል አንዲት ነጥብ ትንተከተካለች። ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቆርጠው በማስቲሽ ለጠፉባት፤ ከዚያ ወዲያ ኳሷ ክረምቱን አልፋ በጋውን ተጫወተች።

ያ ወንዝ ዛሬ በጋ ላይ እግር እንኳ አያርስም። የእንዶዱ ቁጥቋጦ ከነበረበት ቤት ተሠርቷል፤ ልጆቹም በየአገሩ ተበትነናል፤ ኳሷ የት እንደወደቀች የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው የእቴቴን ትንፋሽ ነው፤ ጠዋት ሰላምታዬን ሲመልሱልኝ እንኳ በየቃሉ መሃል ያርፉ ነበር።

ጠጋኙ የቀረውን ጋዝ ስቦ አወጣና ከመገጣጠሚያው ውስጥ የደረቀች ትንሽ ጎሚኒ፣ የጎማ ቀለበት፣ አወጣ፤ አዲስ አስገባ፤ በፓምፕ አየሩን መጥጦ እንደገና ጋዝ ሞላ። ሁለተኛውን አረፋ ሲለቀልቅ እቴቴ ዛፍ ጥላ ሥር ከተቀመጡበት ተነስተው፣ ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጥተው አንገታቸውን ኮፈኑ ሥር አስገቡ።

«እንዶድ ነው?»

«ሳሙና ነው፣ እማማ።»

«ያው ነው። ሌባዋን... ያዝካት?»

«ይዣታለሁ።»

ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን አፈጠጥን። አረፋው ነጭ ሆኖ ረጋ፤ አንዲትም አልተነፋች። እቴቴ እልል ሊሉ ሞከሩና ሳል ቀደማቸው፤ ሳላቸው ሲያባራ ግን እየሳቁ ነበር።

ጀማ ስንወርድ ውጪው እንደ ምጣድ ግሏል፤ አቧራው ከተዘጋው መስኮት ጀርባ ቀረ። እኔ አንድ ዓይኔን መንገዱ ላይ፣ አንዱን እቴቴ ደረት ላይ አድርጌ እነዳለሁ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል እቆጥራለሁ። ድልድዩን ስንሻገር ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ዞሩብኝ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ የመንዝን ብርድ ሸሽቼ ዓለም ከተማ ብገባ በጋዝ ገዝተሽ መልሰሽ ታመጪብኛለሽ? ቀንሺልኝ እንጂ!»

እየሳቅሁ ቀነስኩላቸው። ያን ሁሉ ቁጣ በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረሱት፤ መሃል ላይ አንዴም አላረፉም።