ከባጃጁ የሰማሁት የአክስቴ ድምፅ

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነበር። አንድ ረፋድ ከከሚሴ ገበያ ስመለስ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ሙዚቃ ከፈተ። ኦርጋን ተሰማ፤ ከበሮ ገባ፤ ቀጥሎ የአክስቴ ድምፅ መጣ።

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ።

ሾፌሩ ሰው የገጨ መስሎት ክው ብሎ ጥግ ያዘ። «ምን ሆንሽ እታለም? አመመሽ?»

«እቺን ከየት አመጣሃት?»

«ከሙዚቃ ቤት ነዋ። ሰሞኑን ያልጫናት ባጃጅ የለም።»

ሱብሃነላህ! አክስቴ ድምፅዋን አስቀርፃ አታውቅም።

በእኛ አገር በጨፋ ሰርግ ሲኖር ወንዶቹ ዳስ ውስጥ ኦርጋንና ሞንታርቦ ያስመጣሉ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ አክስቴን እንከባታለን። ከበሮዋን ታቅፋ በኦሮምኛ ትጀምርና መሃል ላይ ወደ አማርኛ ትዞራለች። ሙሽራዋን አወድሳ ስትጨርስ አማትየዋን በግጥም ትነካካታለች፤ አማትየዋም እየሳቀች ትጨፍራለች። የዳሱ ጄኔሬተር ሲጠፋ ኦርጋን ተጫዋቹ ሳይቀር መጥቶ አጥር ሥር ያዳምጣታል። ስልክ ያወጣች ሴት ካለች ግን ከበሮው ቀጥ ይላል። «ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ አስገቡት። የኔ ድምፅ ከዚህ ግቢ አይወጣም» ትል ነበር። ስትሞት ካንገበገበን ነገር አንዱ ይኼው ነው፤ ድምፅዋ አብሯት ተቀበረ ብለን።

ከባጃጁ ወርጄ በቀጥታ ሙዚቃ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ያው ኦርጋን ተጫዋቹ ነው።

«ከአጥር ሥር ቀድተህ ሸጥካት አይደል?» አልኩት ገና በሩ ላይ።

ከመቀመጫው ተነሳ። «አላህ ይርሐማት። እኔ አልሰረቅኳትም። ራሷ ናት የመጣችው።»

«ውሸታም!»

«ወላሂ! የጨፋ ሮቢት ገበያ ዕለት ነው፤ ነጋዴው ሁሉ ወደዚያ ወርዶ መንገዱ ጭር ብሏል። ከበሮዋን በነጠላ ሸፍና ገባችና በሩን ዝጋ አለችኝ። "ኦርጋንህ ከበሮዬን እንዳይጫነው" ብላ አስጠነቀቀችኝ። በሕይወት እያለሁ እንዳታወጣው ብላም አስማለችኝ።»

ዘፈኑን ስልኬ ላይ ጭኖልኝ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው እናቴን ነበር፤ ድንገት ብትሰማው ልቧ ቀጥ ይላል ብዬ ፈራሁ። ቤት ስደርስ አስቀመጥኳት፤ ውሃ አጠገቧ አኖርኩ።

«እማ፣ አንድ ነገር ላሰማሽ ነው። እንዳትደነግጪ» አልኳትና ከፈትኩት።

አልደነገጠችም። አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። መሃል ላይ አዝማቹን የምትቀበል ሌላ ሴት አለች፤ በባጃጁ ልብ አላልኳትም ነበር። እዚያ ሲደርስ እናቴ በለሆሳስ አብራ አዜመች። አንድ ድምፅ ነው። ከስልኩም ከፊቴም።

«እማ?»

«እዚህ ጋ ሳል ይዟት ነበር» አለች። «ተሸፋፍኜ አብሬያት ገብቼ የሞላሁላት እኔ ነኝ።»

እናቴ በየሰርጉ ከማጨብጨብ አልፋ አፏን ስትከፍት አይቻት አላውቅም።

«ዓመት ሙሉ እኛ ስንንገበገብ ዝም አልሽ?»

«አማና ነው፤ ቃል አስገብታኛለች። "በቁሜ ወንዱ ሁሉ በየመንገዱ ሲሰማኝ አፍራለሁ፤ ከሞትኩ ወዲያ ግን ማን ያሳፍረኛል?" አለችኝ።»

«አንቺስ? አንቺ በቁምሽ አይደለሽ እንዴ?»

«እኔን ማን ያውቀኛል?» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ፣ አፌን ከፍቼ፣ እስኪያልቅላት ቆሜ አየኋት።