በኩበቱ ውስጥ የነበረው ውሃ

ይህን ነገር ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። ዕድሜውን ሙሉ ቁርአን ሲያስቀራ የኖረው አባቴም፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሳልነግረው ሞተብኝ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ይህም ራሱ ያጠራጥረኛል። ሰው ጥፋቱን ለማያውቀው ሰው የሚናገረው ሊታረቅ ነው ወይስ ሸክሙን ማንም በማያይበት ቦታ አራግፎ ሊሄድ? እኔ እንጃ። ብቻ ስሙኝ፤ እየጠረጠራችሁኝም ቢሆን ስሙኝ።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። ያደግኩት መካነ ሰላም ነው፤ አሁን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኃይል ቁጠባ አስተምራለሁ። አንዲት ሴት በሰው ፊት ሌባ እንዲባሉ አድርጌአለሁ። ያደረግኩትም እያወቅኩ ነው። እያወቅኩ ማለቴን ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ከዚህች ቃል ለማምለጥ የምፈራገጠው መፈራገጥ ሊሆን ይችላልና።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው ኩበት ቆጣቢ ምድጃ ነበር። ለሙከራው ከአቀስታ በእግር የሚደረስባት አንዲት ብርዳማ መንደር መረጥኩ። እዚያ ደጋ ላይ እንጨት ብርቅ ነው፤ የሚነደው ኩበት ነው። ኩበቱ ሁሉ እሳት ሲበላው ደግሞ ማሳው ፍግ አጥቶ ይራባል። የእኔ ምድጃ ግማሹን እንኳ ቢያተርፍ ፍጉ ወደ መሬቱ ይመለሳል፣ ቤቱም ጭስ ይቀንስለታል ብዬ አስቤ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አሁንም ጥሩ ነው፤ በዚህ አልዋሸሁም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠዋት በየቤቱ ኩበት መዝኜ እተዋለሁ፤ በማግስቱ የተረፈውን እመዝናለሁ፤ የጎደለው ነደደ ማለት ነው። ቤቶቹን የመረጠልኝ የመንደሩ ቅሬ ነበር። ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላው፣ ድስትና ሰሃን የሚያቀርበው የጎረቤት ማኅበር ነው። የቅሬው ዳኛ ሸህ እንድሪስ ከሁሉ አስቀድመው የጠሩልኝ የእማማ ዘሃራን ቤት ነው። እማማ ዘሃራ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ ሴት ናቸው። የቅሬው ዕቃ በሙሉ በእሳቸው እጅ ነበር፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከመቀነታቸው ተለይቶ አያውቅም።

"ዘሃራ ዘንድ የገባ ነገር አማና ነው፤ እንኳን ኩበት ነፍስህንም ብታስቀምጥ አትጎድልም" አሉኝ ሸህ እንድሪስ።

በድሮው ጉልቻ በሠራሁት የበጋ ልኬት ሁሉም ቤት ሰላም ነበር። ክረምት ገብቶ ጉም መንደሩን ሲያለብሰው አዲሱን ምድጃ በየቤቱ አስገባሁና እንደገና መመዘን ጀመርኩ። የተመዘነ ኩበት ከተመዘነበት ከጣሪያው ጠርዝ ሥር እንዳይነሳ፣ ሲፈለግ ብቻ እንዲወሰድ አዘዝኩ። ሌሎቹ እሺ አሉ። እማማ ዘሃራ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ ይሄ ኩበት ጉሙን ጠጥቷል። እንዲህ እንደራሰ ባነደው ጭሱ ዓይኔን ያወጣዋል። እኔ ወደ ቤት አስገብቼ ከእሳቱ ዳር ደርድሬ ነው የማደርቀው። ነገ ስትመዝነው ቢቀልብህ ውሃው ነው፣ እንዳይገርምህ።"

እሺ አልኩ። ቃላቸውንም እንዳለ በደብተሬ ጻፍኩት፤ ሁሉን ነገር የምጽፍ ሰው ነኝ፣ የዕለቱን አየር እንኳ እጽፋለሁ። ጻፍኩትና ገጹን ገለጥኩ።

ከሳምንት በኋላ የሌሎቹ ቤቶች ኩበት በጥሩ ሁኔታ ቀንሶ ተገኘ። የእማማ ዘሃራ ቤት ግን በአዲሱ ምድጃ ከድሮው ጉልቻ የበለጠ ፈጀ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። ያኔ ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥ ባደርግ ኖሮ ነገሩ በአንድ ጠዋት ያልቅ ነበር። ለምን አልገለጥኩም? ትምህርቴ ያስተማረኝ ቁጥርን መጠርጠር ነው፤ እኔ ግን ቁጥሩን አምኜ ሰውን ጠረጠርኩ። የእኔ ሚዛን ሊሳሳት አይችልም፤ ኩበት የሚወስድ ሰው ግን አለ አልኩ።

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ የሚበላውን አያጣም። ኩበቱን አንድ በአንድ ቆጥሬ ተውኩ፤ በማግስቱ ከነደደው በቀር ቁጥሩ ምንም ሳይጎድል ሞልቶ አገኘሁት። ይህ ነጻ ሊያወጣቸው ይገባ ነበር። እኔ ግን ትልልቁን አውጥተው ትንንሹን ተክተዋል አልኩ። ቆሎ ሲያቀርቡልኝ አፌን ሊዘጉት ነው አልኩ። ሳያቀርቡልኝ ሲቀሩ ደግሞ ነቅተውብኛል አልኩ። በገበያ ቀን ጆንያ አዝለው ሲወጡ እስከ አቀስታ ድረስ በርቀት ተከተልኳቸው። ጆንያውን ሲፈቱት ድንች ነበር። አፈርኩ? አላፈርኩም፤ ኩበቱን መንገድ ላይ ለሰው ሰጥተውት ይሆናል ብዬ ተመለስኩ። ድንች አዝለው ያንን ሁሉ መንገድ የተጓዙ አሮጊትን ተከትሎ የሄደ መሐንዲስ፣ በልቡ ሳይንስ እየሠራሁ ነው ይል ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከጥርጣሬው በታች ሌላ ነገር ነበረ። አማካሪዬ በስልክ፣ አንዱ ቤት ውጤትህን እያበላሸ ነው፣ ልታወጣው ከፈለግህ በቂ ምክንያት አምጣ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ምክንያት እፈልግ ነበር። እማማ ዘሃራ ሌባ ካልሆኑ ምድጃዬ ችግር አለበት ማለት ነው፤ ሌባ ከሆኑ ግን ምድጃዬ ደህና ነው። ሌባ እንዲሆኑልኝ ፈለግኩ። እንዲያ ነበር።

ለሸህ እንድሪስ ነገርኳቸው። እሳቸውም ነገሩ የቅሬውን ስም የሚነካ ነው ብለው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ አጥር ሥር ሰዉን ሰበሰቡ። ተነስቼ ተናገርኩ። እማማ ማለቴ ቀረና "እኚህ ሴትዮ" አልኩ። ከተመዘነው ኩበት እያወጡ ነው አልኩ።

ሸህ እንድሪስ ወደ እሳቸው ዞሩ። "ዘሃራ፣ ልጁ የሚለውን ሰምተሻል። ምን ትያለሽ?"

"ውሃ ነው" አሉ እማማ ዘሃራ። "ኩበቱ የሚመዘነው ርሶ፣ እኔ የማነደው አድርቄ። በመጀመሪያው ቀን ነግሬዋለሁ። ይኸው ቆሟል፣ ይናገር።"

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ተመለከተ። ደብተሩ በጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር። በዚያች ቅጽበት ቃላቸው ትዝ አለኝ፤ የቆሙበት ቦታ፣ በእጃቸው ያገላብጡት የነበረው ኩበት፣ ሁሉም ትዝ አለኝ።

አላስታውስም አልኩ።

በሕይወቴ የሠራሁት በደል ይህች አንዲት ቃል ናት። አላስታውስም አልኩ። ተሳስቼ አልነበረም፣ ተጠራጥሬም አልነበረም፤ ጥርጣሬው እዚያው ላይ ነው ያለቀው። ደብተሩን አውጥቼ ማንበብ እችል ነበር። አንድ ርጥብ ኩበት መዝኜ፣ አድርቄ፣ እንደገና መዝኜ ማሳየት እችል ነበር። ሚዛኑ የእኔ ስለሆነ ማንም እንመዝነው አላለም፤ ስለ ሚዛን ከመሐንዲስ ጋር ማን ይከራከራል? አላስታውስም አልኩና ተቀመጥኩ።

ሸህ እንድሪስ ተጨነቁ። "እንግዲያው ቁርአን ያዢና ይለቅ፣ እኛም እንረፍ" አሉ።

"ለኩበት ብዬ ቁርአን አልይዝም" አሉ እማማ ዘሃራ። "አላህ አይቷል፤ እሱ ይበቃኛል።"

ጉምጉምታ ተነሳ። ያላጠፋ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል የሚል ድምፅ ከወንዶቹ በኩል ሰማሁ። እኔ ግን ምን እንደሚያስፈራ ከሁሉም በላይ አውቅ ነበር። አባቴ በአንድ የመሬት ክርክር ቁርአን ይዘህ ውሰድ ቢባል፣ ለመሬት ብዬ አልይዝም ብሎ ድርሻውን ትቶ ወደ ቤቱ ሲመጣ አይቻለሁ። የእሳቸው እንቢታ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ይበልጥ እኔ እረዳ ነበር። እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

እማማ ዘሃራ ከመቀነታቸው ቁልፉን ፈቱ። መቀነቱ ጠብቆ ነበርና ጊዜ ወሰደባቸው፤ የሚያግዛቸውም አልነበረም። ቁልፉን ሸህ እንድሪስ ፊት ሣሩ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ይብሳል። ወደ ዩኒቨርሲቲው ስመለስ ከመንደሩ ያመጣሁትን ኩበት በቤተ ሙከራ አደረቅኩት። የሚጠፋው ውሃ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። እሳቸው ያሉት ቃል በቃል ተረጋገጠ። ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩበት። በጉም አገር ኩበት ሲመዘን እርጥበቱ ካልተቀነሰ ውጤቱ እንደሚሳሳት አሳየሁ፤ የሌሎቹንም ቤቶች ቁጥር በዚያው አረምኩ። ፈታኞቹ ከሥራዬ ሁሉ ያደነቁት ያንን ምዕራፍ ነው። በዚያው ጥራዝ፣ ጥቂት ገጾች ዝቅ ብሎ፣ አንድ ቤት "በተሳታፊዋ ታማኝነት ጉድለት" ከጥናቱ እንደወጣ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዕውቀታቸውን በስሜ ወሰድኩ፣ በእሳቸው ስም ስርቆትን ተውኩ። ከሁለታችን ሌባው ማን ነው?

ዓመታት አለፉ። አባቴ ሲታመም አጠገቡ ተቀምጬ ብዙ ቀን ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እሱ ለደረሶቹ ደጋግሞ የሚያስተምረው፣ አላህ የራሱን ሐቅ ይቅር ይላል፣ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ካላለው አይነሳም የሚለውን ነበር። ከቀብሩ በኋላ ደብተሩን ከሣጥን አውጥቼ ወደ አቀስታ ሄድኩ።

እማማ ዘሃራ በጣም አርጅተዋል። ምድጃዬን አውጥተው ጥለውታል ብዬ ገምቼ ነበር። ይነዳል። ኩበቱም ከዳሩ ተደርድሮ ይደርቃል።

"ጥሩ ምድጃ ነው" አሉኝ ገና ስቀመጥ። "ጭሱ ቀንሶልኛል።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። የመጀመሪያውን ቀን፣ ድንቹን፣ ቤተ ሙከራውን፣ ምዕራፉን። አውፍ ይበሉኝ ብዬ ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። ቀና አደረጉኝ።

"እኔ አውፍ ብዬሃለሁ፤ ቂም ይዤ የምሞት ሰው አይደለሁም" አሉ። "ለቅሶ ቤት ሰሃን ላጥብ ስነሳ፣ እስከ ዛሬ አንዷ ከኋላዬ መጥታ ማንኪያውን ትቆጥረዋለች። እሷን ግን እኔ ምን ልበላት?"

ደብተሩን የያዘውን ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ሳብኩ።

"ያን ዕለት ደብተሩ ከኪስህ ብቅ ብሎ አየው ነበር" አሉኝ። "ስትጽፍበት አይቻለሁ፤ ማንበብ ባልችልም ቃሌ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ። ኪሱን ፈትሹልኝ ማለት እችል ነበር። አባትህ ቁርአን እንደሚያስቀራ አጫውተኸኝ ነበር፤ የቃሪ ልጅ ነው፣ ራሱ ያወጣዋል ብዬ ጠበቅኩህ።"

ከዚያ ወደ በሩ አመለከቱኝ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ቅሬው መስጊዱ አጥር ሥር ተሰብስቦ ነበር፤ ሸህ እንድሪስም በሕይወት አሉ፣ ድምፃቸው እስከ ቤቱ ይሰማል።

"አሁንስ ይዘኸዋል?" አሉኝ።

ሥራዬን አሰብኩ። ያንን ምዕራፍ አሰብኩ። መካነ ሰላም የሚቀረውን የአባቴን ስም አሰብኩ።

አልያዝኩትም አልኩ።

ቦርሳው ጭኔ ላይ ነበር። እማማ ዘሃራ ቦርሳውን አዩት፤ ያኔ ኪሴን እንዳዩት አዩት። አልተቆጡም።

"እንግዲያው ስታገኘው ና" አሉኝ። "እጠብቅሃለሁ።"

ደብተሩ አሁን ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ገጹም ተገልጧል። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የእናንተ ሐቅ የለብኝምና ይቅርታችሁ አይጠቅመኝም። በሚመጣው ዓርብ እሄዳለሁም አልላችሁም፤ እንዲህ ያልኩባቸው ዓርቦች ብዙ ናቸው። እሳቸው ግን በጣም አርጅተዋል፣ ዛሬም እየጠበቁኝ ነው።