የእሑድ ቋጠሮ

ትናንት ከገበያ ያመጣኸውን የደረቀ ባሚያ ዱቄት ፌስታል ስፈታ ሽታው ቀድሞኝ ወጣ። የደረቀ ሣር ይሸታል፣ ትንሽ አፈር አፈር ይላል፣ ትንሽም ፀሐይ ላይ ውሎ የገባ ልብስ ልብስ። አንተ "ምነው፣ ተበላሽቷል እንዴ?" አልከኝ። እኔ ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ፤ ሽንኩርቱም አረረ። አልተበላሸም፣ ደህና ነው። እሑድ እሑድ የሳምንቱን ምግብ አብስዬ በየዕቃው ስሞላ "ልትዘምቺ ነው እንዴ?" እያልክ ትስቅብኛለህ አይደል? ሳቅ፣ ግድ የለም። ግን ይህን ልማድ ከማን ጋር እንደለመድኩት ነግሬህ አላውቅም።

ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍልን የተማርኩት አሶሳ ቤት ተከራይቼ ነው። ብቻዬን አልነበርኩም፤ ከአንዲት የበርታ ልጅ ጋር ነበርኩ። የእኔ ወላጆች በሠፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። መንደራችን በባምባሲ መንገድ ናት፤ እንደ ሌሎቹ የሠፈራ መንደሮች ሁሉ፣ ስም ሳይሆን ቁጥር ነው ያላት። የእሷ መንደር ደግሞ በኩርሙክ በኩል ነው። ሁለቱም ጋ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ትምህርት ቤት አልነበረም። ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ አስቀመጡን፣ እሷም ቤት ስትፈልግ እኔም ስፈልግ ተገናኘን፣ አንድ ክፍል ውስጥ ገባን። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ውስጧ መቀመጥ አይቻልም። አንድ አልጋ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ አምፖል። አከራያችን ከወለጋ የመጡ ጴንጤ ሴትዮ ነበሩ። ማታ ማታ በግድግዳው ላይ እየደበደቡ "ኢጆሌ! መብራቱን አጥፉ! ቆጣሪው የአባታችሁ ነው?" ይሉናል። ኢጆሌ ልጆች ማለታቸው ነው፤ እኛም በኋላ በኋላ እርስ በርሳችን ኢጆሌ መባባል ጀመርን።

ዓርብ ከትምህርት ስንወጣ እሷ በኩርሙክ፣ እኔ በባምባሲ መንገድ እንለያያለን። ቅዳሜ በየቤታችን ለሳምንቱ የሚሆን ስንቅ ሲዘጋጅ ይውላል። እሑድ አመሻሽ ላይ ሁለታችንም ቋጠሮ ተሸክመን እዚያችው ክፍል እንገናኛለን። አንድ ደንብ ነበረን፤ አንዳችን ሳትመጣ ሌላዋ ቋጠሮዋን አትፈታም። ማን እንዳወጣው አላስታውስም። ቀድማ የደረሰችው ስንቋን እግሯ ሥር አድርጋ ደጃፉ ላይ ትቀመጥና መንገድ መንገዱን ታያለች። ሆዷ ቢጮህም አትነካውም።

መጀመሪያ ላይ አንዳችን የሌላችንን ምግብ ልንለምደው አልቻልንም። እሷ የእናቴን እንጀራ ጎርሳ ፊቷን አጨማደደችና "እናትህ ይሄ ሎሚ ጨምሮበታል?" አለችኝ። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም ነበር፤ እኔም አንተ ነኝ፣ እናቴም እሱ ነው። እኔ ደግሞ የእሷን የባሚያ ወጥ በገንፎ አጥቅሼ ሳነሳ ከትሪው እስከ አፌ ተዝለግልጎ አልበጠስ አለኝ። "ይሄ ይበላል ወይስ ይጎተታል?" ብላት ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ወር ሳይሞላ ግን እኔ የእሷን፣ እሷ የእኔን ስንሻማ እንገኝ ነበር። እናቴ ስንቄን ስታስር "ለዚያች ለጓደኛሽም ይብቃ፣ ጨምሬበታለሁ" ማለት ጀመረች።

ለመስማማታችን አንዱ ምክንያት ሙቀቱ ነው። የአሶሳ ሙቀት ለእንጀራ አይራራም። ፍሪጅ እንዳሁኑ የት አባቱ! እሑድ የመጣ እንጀራ ማክሰኞ ማታ መሽተት ይጀምራል፣ ረቡዕ አረንጓዴ ያወጣል። ስለዚህ የሳምንቱ መጀመሪያ የእናቴ ነበር፤ ከረቡዕ ወዲያ ደግሞ የምንኖረው በእሷ ስንቅ ነው። እናቷ እርሻ ላይ ስለምትውል ስንቋን የምታዘጋጀው ራሷ ነበረች። ባሚያውን ቀድማ ከትፋ ፀሐይ ላይ ታደርቀዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙቀጫ ውስጥ ትወቅጠዋለች፣ ኦቾሎኒ ቆልታ አብራ ትወቅጣለች፣ ጨውና ሚጥሚጣ ታክልበታለች። ያ ዱቄት የፈላ ውሃ ላይ ነስነስ ሲደረግ ወጥ ይሆናል። ከጎኑ የማሽላ ገንፎ ማገንፋት ነው፣ አለቀ። "ወጥ ሠርቼ ነው ያመጣሁት፤ ውሃ ብቻ ነው የቀረው" ትላለች፣ በጣም እየኮራች። ዱቄቱን ስትፈታው ክፍሏ በሙሉ በዚያ ሽታ ትሞላለች፤ ደብተሮቼ ሳይቀሩ ይሸቱ ነበር።

አባቷ ቁርጡን ነግረዋት ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተናን ካለፈች ትማራለች፤ ከወደቀች የሚጠብቃት ባል አለ። ባልየውን አይታዋለች። "ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ሽማግሌ ነው" አለችኝ፣ ከዚያ ስለ እሱ አንስታ አታውቅም። ያሰብነው አብረን መምህራን ኮሌጅ መግባት ነበር። ኮሌጅ ስላለው ትምህርት አይደለም የምናወራው፤ ስለ ምግቡ ነው። እዚያ ደወል ተደውሎ ነው የሚበላው ብለውናል። "ወላሂ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን እተኛለሁ። ሙቀጫ አልነካም" ትለኝ ነበር። እኔም እሷ ካለፈች እንደማልፍ፣ እሷ ከወደቀች እኔም እንደምወድቅ አምኜ ነበር። ሒሳብ የምታስጠናኝ እሷ ነበረቻ።

ፈተናው ግንቦት ላይ ነበር። ዝናቡ ጀማምሮ፣ ትንኙም መጥቷል። ከፈተናው በፊት በነበረው ዓርብ መንገዳችን የሚለያይበት ላይ ስንደርስ ሹራቧን ደርባ ነበር፣ በዚያ ሙቀት። "ራሴን ትንሽ አሞኛል" አለች። ማናችንም አልደነገጥንም፤ ወባ እዚያ አገር የማያውቀው ሰው የለም። "እሑድ እንዳትፈታ። እኔ ሳልመጣ ከፈታህ አላናግርህም" አለችኝ። ጣቷን አውጥታ እያስፈራራች ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደች፣ ከዚያ ዞራ ሮጠች።

እሑድ እኔ ቀድሜ ደረስኩ። እናቴ ለፈተናው ሳምንት ብላ ቋጠሮዬን እጥፍ አድርጋዋለች፤ ትከሻዬ እስኪላላጥ ነው የተሸከምኩት። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከኩርሙክ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና ሰዎችን አራገፈ፣ እሷ የለችም። መሸ። ዝናብ ያዛት ብዬ ተኛሁ። ሰኞም አልመጣችም። አከራያችን "ልጄ፣ ይህን ነገር ፍቺና ብዪ እንጂ" አሉኝ። "ትመጣለች" አልኳቸው። እሳቸው የሰጡኝን በቆሎ በልቼ ዋልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ቋጠሮው መሽተት ጀመረ። እልህ ያዘኝ፤ አሁንም አልፈታሁትም። ነገ ረቡዕ ፈተና ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት አጎቷ መጡ። አልፎ አልፎ ገበያ ሲመጡ ያዩን ስለነበር አውቃቸዋለሁ። የእሷን ቋጠሮ ይዘዋል። ሰላምታ ሰጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ተቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ፣ ውሃ ብሰጣቸውም አልጠጡም።

"ልጅ ትንሽ አሞታል" አሉኝ። "ወባ ነው።"

"ነገ ፈተና ነው እኮ! ጠዋት ትደርሳለች?"

"ኢንሻላህ" አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። "እሱ አለ፣ ሳይጠብቅ ይፍታ አለ። አንተ ፍታ፣ ብላ፣ ተፈተን አለ።"

አከራያችን እስከ ግቢው በር ሸኟቸው። እዚያ ቆመው ረጅም ጊዜ አወሩ። ሲመለሱ ቀጥ ብለው ቤታቸው ገቡ። ያን ምሽት መብራት አጥፉ ያለኝ ሰው አልነበረም። ጭራሽ ወተት አፍልተው አመጡልኝና ራሴን ዳበሱኝ። ለፈተናው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የራሴን ቋጠሮ ስፈታው እንጀራው ከላይ እስከ ታች ሻግቷል። አውጥቼ ጣልኩት፣ እናቴን እያሰብኩ አለቀስኩ። የእሷን ስፈታ ዱቄቱ እንደ ወትሮው በአንድ ላይ አልነበረም። ለእያንዳንዱ የፈተና ቀን የሚሆነው በቁራጭ ጨርቅ ለብቻው ተቋጥሯል፤ ጊዜ እንዳይወስድብን ለክታ ነው ያሰረችው። እያንዳንዱ ቋጠሮ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ረቡዕ መፈተኛው ክፍል ውስጥ ከፊቴ የተመደበላት ወንበር ባዶ ሆነ። ሐሙስም ባዶ። ተናደድኩባት፣ እመነኝ። በቃሬዛም ቢሆን ተሸክመው ቢያመጧት ምን ነበረበት፣ እልኸኛ፣ ለዚያ ሽማግሌ ልትዳር ነው አልኩ። እየተናደድኩ እቤት እገባና ውሃ አፈላለሁ፣ አንዷን ቋጠሮ እፈታለሁ፣ ገንፎ አገነፋለሁ። ፍርሃት ነው መሰለኝ በጣም ይርበኝ ነበር። ለሁለት የተቋጠረውን ብቻዬን ጠርጌ በላሁ። እንደዚያን ሳምንት ጣፍጦኝ አያውቅም።

ዓርብ የመጨረሻውን ፈተና ሰጥቼ እየሮጥኩ መጣሁ። ክፍላችን በር ላይ እናቴ ቆማለች። አጠገቧ አከራያችን፣ ከኋላ ደግሞ የጓደኛዬ አጎት። እናቴ ስንቅ ይዛ የመጣች መስሎኝ ከሩቅ ጮህኩ፤ "እማዬ፣ ለሚቀጥለው ሳምንትማ አያስፈልገንም! ጨረስን እኮ!" ሳቅኩም። እናቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። እሱን ሳይ እግሬ ቆመ።

አከራያችን ናቸው የነገሩኝ። "ልጄ፣ ጓደኛሽ እሑድ ጠዋት አርፋለች" አሉ፣ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው። እናቴ "አብሽሪ፣ የኔ ልጅ፣ አብሽሪ" እያለች ከኋላ አቀፈችኝ። መርዶ እንደሆነ፣ ፈተናዬን እስክጨርስ ተማክረው እንደደበቁኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። አከራያችን ስልክ አስደውለው እናቴን ከመንደር አስመጥተዋል፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ ወዲያ ወዲህ ስል የሰነበትኩት። ሮጬ ክፍሌ ገብቼ ያልታጠበውን ትሪ አየሁ፤ ከሞተች በኋላ ቁጭ ብዬ እየሰደብኳት ስንቋን ጨረስኩ። ዓመት ሙሉ አከራያችንን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ኮሌጁም ገብቻለሁ፣ የደወሉንም ምግብ በልቻለሁ። የደበቁኝ ለእኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ማንም ሰው እንደዚያ እንዳያደርግብኝ እለምናለሁ፣ አንተም ብትሆን።

በማግስቱ ከእናቴና ከአጎቷ ጋር ወደ መንደሯ ሄድን። መንገድ ላይ አጎቷ ቀስ እያሉ ነገሩን። ቅዳሜ ዕለት በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች ስትወቅጥ ውላለች። እናቷ ተይው ስትላት "ፈተና ነው" አለች። አመሻሽ ላይ ጨርቅ ቀዳ ቋጠረችው፣ ካልደረስኩ ሳትጠብቀኝ ትፍታው አለች፣ ከዚያ ተኛች። ንጋት ላይ መኪና ተገኝቶ ጤና ጣቢያ እስኪወስዷት አልቆየችም። እንደ ደንባቸው የዚያኑ ቀን ቀብረዋታል።

እናቷ ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አይታኝ አታውቅም፤ ግን ገና ስገባ ማን እንደሆንኩ አወቀች። ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፣ ክንዴን ከላይ እስከ ታች ጨመቅ ጨመቅ አድርጋ አየችው፣ የልጅዋ ምግብ ደርሶኝ እንደሆነ የምትፈትሽ መሰለኝ። ከዚያ መናገር ጀመረች። አማርኛ አትችልም፣ እኔም በርትኛ አልሰማም። ረጅም ወሬ ነው ያወራችኝ፤ አንዳንዴ ፈገግ ትላለች፣ አንዳንዴ እንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች። የጓደኛዬ አጎት ሊተረጉሙልኝ ቀረብ አሉ። ይተዉት አልኳቸው።

ከዚያ ሁሉ ቃል መሃል የሚገባኝ አንድ ብቻ ነበር፣ የልጅዋ ስም። በመጣ ቁጥር ራሴን እነቀንቃለሁ። በመጨረሻ ወሬዋን ስትጨርስ እኔም የልጅዋን ስም ጠራሁት። እናቷ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ጠራችው። እኔ ደግሞ ጠራሁት። እስኪመሽ ድረስ ማንጎው ሥር ስሟን እየተቀባበልን ተቀመጥን።