ጌጡ ያላነሳው ግንብ

በግራ እጁ ፀጉር የምታህል ሽቦ ይይዛል፤ በቀኙ ከሰል ላይ የጋለውን መበየጃ ያስጠጋል። ጢሱ ቡልቅ ሲል ትንፋሹን ያምቃል። ሽቦዋ ከተጣበቀች በኋላ ብቻ ነው የሚተነፍሰው። ወንድሜን ጌጡን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጡብኝ እነዚያ እጆች ናቸው። አውራ ጣቱ በመበየጃ ተቃጥሎ የጠቆረ ነበር፤ የተበላሸ ነገር ሲነኩ ግን እጆቹ እንደ አዋላጅ እጅ ይለሰልሱ ነበር።

ጌጡ ደብረ ታቦር ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከገበያው በላይ ባለ አንድ በር ሱቅ ነበረችው። ከጉና ተራራ ሥር የሚወርዱ ገበሬዎች ሬዲዮናቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ እንደታመመ ልጅ ታቅፈው ያመጡለታል። «ምን ሆነ?» ሲላቸው «አፉ ተዘጋ» ይሉታል። እሱም በቁም ነገር «መቼ ጀመረው?» ብሎ ይጠይቃል።

እኔ ታላቅ እኅቱ ነኝ፤ ፈንታነሽ እባላለሁ። ባሌ ሲሞት ልጆቼን ድሬ ስለነበር እሱ ዘንድ ገባሁ። ሚስት አላገባም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ሬዲዮኖቹ ይቀናሉ» ይል ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው። ማታ ማታ ደብተሬን ይዤ ስታገል ጌጡ አጠገቤ ተቀምጦ አያርመኝም፤ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። ስሳሳት ብቻ ትንሽ ያስለዋል።

አንድ ወዳጅ ነበረው፤ ሙሳ ልብስ ሰፊው። ሱቆቻቸው ፊት ለፊት ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሥራ ሲያበቁ በሙሳ ሱቅ ታዛ ሥር ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። ጨዋታው ካሁኑ ቼዝ ይለያል፤ ንጉሡ፣ ፈረሱ፣ ግንቡ፣ ወታደሩ ግን አረማመዳቸው አንድ ነው። ስድባቸው ከጨዋታው ይበልጥ ነበር። «ፈረስህ ገብስ አልበላም መሰለኝ፣ ሲንገዳገድ አየሁት» ይላል ሙሳ። «አንተ ንጉሥህን ደብቀው እንጂ ለፈረሴ አታስብ» ይላል ጌጡ።

በእነሱ ዘንድ አንድ ደንብ ነበር፤ ከአባቶቻቸው የወረሱት። ንጉሥን በግንብ መግደል ይቻላል፤ ግን ነውር ነው። በወታደር የገደለ ይመሰገናል፣ በግንብ የገደለ እንግዳውን ማዕድ ላይ አስቀምጦ ሳህኑን እንደነጠቀ ይታያል። በ1979 ዓ.ም. አንድ የገበያ ቀን ጌጡ ይህን ነውር ሠራ። ሳምንቱን በሙሉ ሲሸነፍ ሰንብቶ ነበር። ሙሳም ለገበያተኛው ሁሉ «ዛሬ ደግሞ ኑና እዩት» ብሎ አውጆበት ነበር። ሰው ከቧቸው ሳለ የጌጡ እጅ ግንቡን አነሳ፣ ንጉሡ ሞተ፣ ሰው ሳቀ። ሙሳ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ በጥንቃቄ ጠቀለለውና «ከዛሬ ጀምሮ ታዛዬን አትርገጥ» አለ።

ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። የሙሳ ሬዲዮ ሲበላሽ ያለ ዜና መኖርን መረጠ። የጌጡ ሱሪ ሲቀደድ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ስፌት አላውቅም። ያን የተጣመመ ስፌት ለብሶ በሙሳ ሱቅ ፊት ሲያልፍ ሙሳ ዓይኑን ሲጨፍን አይቻለሁ። ጌጡም ቤት ገብቶ «አየው?» ይለኛል። «አይቷል» እለዋለሁ። «ደኅና ነው?» ይላል ቀጥሎ። በየቀኑ የሚጠይቀኝ ይህችን ነበር።

ማሽኖቹ የመጡት በዚህ መሐል ነው። የመጀመሪያውን ያመጣው መምህር ታደሰ ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የመጣ ልጅ። ብቻውን ቼዝ የሚጫወት ማሽን ነው፤ ሰሌዳው ከላዩ አለ፣ ከጎኑ በቀይ መብራት ፊደልና ቁጥር የሚጽፍ ትንሽ መስኮት አለው። ጠጠሮቹን ግን ራሱ አያንቀሳቅስም። ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ይጽፋል፣ ሰው ያነሳለታል። ጌጡ ጠግኖ ሳይጨርስ መምህሩ ወደ ይፋግ ተዛወረና «እስክመጣ ይቆይልኝ» ብሎ ሄደ። ሁለተኛው የሙሳ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ የነበረ የውጭ አገር ሐኪም ሙሳ በሰፋለት ካፖርት ተደስቶ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ እንዲሁ ቼዝ የሚጫወት ጥቁር ማሽኑን ትቶለት ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ሙሳ ወደ ሱቁ ጠራኝ። ዓይኑ ደክሟል። ጎንደር ያለችው ልጁ ሩቅያ እሷ ዘንድ እንዲኖር አጥብቃ ይዛዋለች።

«እመት ፈንታነሽ፣ የፊታችን ሐሙስ እሄዳለሁ» አለኝ። «ይህ ማሽን አልበራም ብሏል። ለጠጋኙ ይስጡልኝ።»

«ለየትኛው ጠጋኝ?»

«አንቱ ደግሞ! ስንት ጠጋኝ አለ በዚህ ከተማ?»

ስሙን አልጠራውም። በጨርቅ የጠቀለለውን ማሽን ታቅፌ መንገዱን ተሻገርኩ። ጌጡ ጨርቁን ሲፈታው እጁ ቆመ። የሙሳ ማሽን ሰሌዳ ባለ ቀዳዳ ነው፤ ጠጠሮቹ ሹል እግር ስላላቸው ተተክለው ይቀራሉ። ጨዋታው እንደቆመ ነበር የመጣው። አንዱ ነጭ ፈረስ ጠፍቶ በቦታው የሱሪ ቁልፍ ተሰክቷል።

«እትየ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ይህ የዚያን ቀን ጨዋታ ነው።»

እያንዳንዱ ጠጠር በቦታው ነበር፤ ግንቡ ከመነሳቱ ጥቂት ተራ በፊት እንደነበረው። ሙሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲያየው ኖሯል። የቀሩት ንጉሦች፣ ግንቦች፣ ፈረሶችና ወታደሮች ብቻ ስለነበሩ ማሽኑም ሊጫወተው ይችላል።

ጌጡ በዚያ ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም። የላላችውን ሽቦ በየዳት፣ የባትሪ ድንጋዩን ቀየረ። ከዋንዛ እንጨት ትንሽ ፈረስ ቀርጾ በቁልፏ ምትክ ተከላት። ከዚያ እኔን ላከኝ፤ «ሐሙስ ሳይደርስ ማሽኖቹ ይጫወቱት በይው። እኛ ያበላሸነውን እነሱ ይጨርሱት። እኔ አፌን አልከፍትም።» ሳይታረቁ ሙሳ አውቶቡስ ቢሳፈር በሁለቱ ዕድሜ ዳግመኛ እንደማይገናኙ ያውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። ሙሳ መልእክቱን ሰምቶ ክር በመርፌ ሲያስገባ ቆየና «ማሽን ለማሽን ከሆነ ይምጣ» አለ።

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በሙሳ ታዛ ሥር ተቀመጥን። ሁለት ማሽን፣ ሁለት ሰሌዳ፣ አንድ ጨዋታ። የጌጡ ማሽን የሚለውን ጌጡ በራሱ ሰሌዳ ላይ ያነሳል፣ ሙሳ ደግሞ ያንኑ ለራሱ ማሽን ያሳየዋል፤ ከዚያ የሙሳው ማሽን ያስባል። መስኮቱን የማነበው እኔ ነበርኩ። ጌጡ ያችን ቀይ ጽሕፈት ለማየት አጉሊ መነጽር ያስፈልገዋል፣ ሙሳ ደግሞ የፈረንጅ ፊደል አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። መምህር ታደሰ የፈረንጁን ስምንት ፊደሎች ከኛ ስምንት ፊደሎች ጋር አጣምሮ በካርቶን ጽፎልን ስለነበር፣ በግዕዙ ተራ ከሃሌታው ሀ እስከ ቀ ያለውን እያየሁ እጠራለሁ። ሐመሩን ሐ፣ ንጉሡን ሠ፣ እሳቱን ሰ እያልኩ ስለይ አጠገባችን ሽንኩርት የምትሸጠው ብዙነሽ «ቅዳሴ ነው ወይስ ጨዋታ?» ብላ ሳቀች።

የጌጡ ማሽን ፈጣን ነው። የሙሳው ሲያስብ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ መብራቱ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል።

«እንደ ባለቤቱ ነው» አለች ብዙነሽ። «ለእኔ አንድ ቀሚስ ለመቁረጥ ሦስት ቀን አሰበ።»

ሙሳ ሳይዞር «ወገብሽን ፍለጋ ነው የቆየሁት» አላት። ጌጡ ሳቁን ዋጠ፤ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አፉን ግን አልከፈተም።

በአራተኛው ተራ የጌጡ ማሽን ወዲያው መለሰ። መስኮቱን አየሁ። ከለ2 ወደ ለ8 ይላል። ለ2 ላይ የቆመው ግንቡ ነበር። ለ8 ሲደርስ ንጉሡ መሄጃ የለውም፤ ሃያ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ ይህን ያህል አውቃለሁ። ማሽን ነውር ምን እንደሆነ አያውቅም። ያው ግንብ፣ ያው ታዛ፣ ያው ሰው ተሰብስቦ።

ሙሳን አየሁት። የሚያየው ሰሌዳውን ሳይሆን የጌጡን እጅ ነበር።

ያን ጊዜ ዋሸሁ። ፊደል በስተርጅና የተማርኩ ስለሆንኩ ብሳሳት ማንም አይፈርድብኝም ብዬ «ከመ5 ወደ መ6» አልኩ። መ5 ላይ ያለው ወታደር ነው።

ጌጡ ወታደሩን አንስቶ መ6 ላይ አኖረ። ማሽኑ ጮኸ። እሱ ካለው ሌላ ሲነካ እንዲያ ይጮሃል። ጌጡ ወታደሩን መልሶ እንደገና አኖረ፤ ማሽኑ እንደገና ጮኸ።

«ምን ሆነ? ራበው እንዴ?» አለች ብዙነሽ።

ጌጡ ቀና ብሎ አየኝ። ደብተሬ ላይ ስሳሳት እንደሚያደርገው ትንሽ አሳለው። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ በመስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ።  እጁ ወደ ግንቡ ሄደና አጠገቡ ቆመ። ሳይነካው መለሰው።

«ሙሳ» አለ። በሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ነበረች። «ማሽኑ ግንቡን አንሳ ነው የሚለኝ። እኔ አላነሳውም። እትየ ያነበበችው ይሁን።»

 ማሽኑ አሁንም ይጮህ ነበር።

«ዝም አስብለዋ!» አለ ሙሳ በመጨረሻ፣ «እንዳንተው ግትር ነው!»

ጌጡ አጠፋው። ታዛው ጸጥ አለ። ሙሳ የጌጡን ወታደር በራሱ ሰሌዳ ላይ መ6 ላይ ተከላት፤ እጁ ዋንዛዋን ፈረስ ሲነካ ቆመ።

«ይህችን ማን ቀረጻት?»

«ማን ይቀርጻል?»

«ጆሮዋ በዝቷል፤ አህያ አስመሰልካት።»

«የቁልፉን ያህል አታምርም እንዴ?»

«ቁልፉ ቢያንስ በልኬት ነው።» ሙሳም የራሱን ማሽን አጠፋ። «በል፤ አንተ በእጅህ ከሆነ እኔም በእጄ ነኝ። ቆይ ግን። መጀመሪያ ያን ሱሪ አውልቀው።»

«እዚህ? በሰው ፊት?»

«ሁለት ዓመት ያን ስፌት ሳይ ኖሬአለሁ። ጋቢህን አገልድምና አውልቅ!»

ጌጡ ጋቢውን አገልድሞ ተቀመጠ። ሙሳ ስፌቴን እየተረተረ «ይቅር ይበልዎ እመት ፈንታነሽ፣ ይህ ስፌት አይደለም፤ ጠባሳ ነው» አለኝ። በአንድ እጁ እየሰፋ በአንዱ ይጫወት ነበር። ጌጡ ፊቱን ዞር አድርጎ ዓይኑን ሲጠርግ «ጢሱ ነው» አለ። ጢስ ግን አልነበረም።

ጨዋታው በዚያን ቀን አላለቀም፤ ረቡዕም አላለቀም። ጌጡ ግንቡን ሳያንቀሳቅስ በወታደር ሊገድል ይታገላል፣ የሙሳ ንጉሥ ያመልጣል። ሐሙስ ጠዋት አውቶቡሱ ሲያጉረመርም ሙሳ ማሽኑን ጠጠሮቹ እንደተተከሉ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ አኖረ። «በደብዳቤ እንጨርሰዋለን» አለ በመስኮት። «እመት ይጻፉልህ፤ እኔ ሩቅያ አለችኝ።»

ደብዳቤ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ጌጡ በአፉ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ሾፌር ይወስዳል። አንዲት መስመር ጨዋታ፣ ሁለት ገጽ ስድብ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የጻፍኩት ደብዳቤ «ንጉሥህ እንደ ሸሸ ዶሮ ምን ይቅበዘበዛል?» ይል ነበር። ስምንት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ስምንት መልስ መጣ። ከዚያ በ1982 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ እኛ ደርሶ መንገዱ ተዘጋ።

የመጨረሻው የሙሳ ደብዳቤ የደረሰው መንገዱ ሊዘጋ ባለበት ሰሞን ነው። «ንጉሤን ቀ7 ላይ አድርጌአለሁ። ችኩል ስለሆንክ ቶሎ እንዳትመልስ» ይላል። ጌጡ አራት ቀን አሰበ። በአምስተኛው ቀን እየሳቀ መልሱን ነገረኝ፤ ጻፍኩት። የሚወስድ መኪና ግን አልነበረም። ደብዳቤው ሣጥን ውስጥ እንዳለ ጌጡ በ1983 ዓ.ም. የካቲት ላይ በሳንባው ታሞ አረፈ። በመጨረሻዎቹ ቀናት «መኪና መጣ?» ይለኝ ነበር። «አልመጣም» ስለው «ደኅና ነው፤ እሱም ያስባል» ይላል።

መንገዱ ሲከፈት ደብዳቤውን ወደ ጎንደር ላክሁት፤ ተመልሶ መጣ። ሩቅያና አባቷ ከዚያ ቤት ከለቀቁ ቆይተዋል ተባልኩ። የት እንደሄዱ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ስለዚህ ይህን የምታነብቡ ሰዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከሙሳ ልብስ ሰፊው፣ ወይም ከልጁ ከሩቅያ፣ ወይም ከልጅ ልጆቹ ጋር ብትገናኙ፤ ጥቁር ማሽን፣ ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ፣ ጆሮዋ የበዛ የእንጨት ፈረስ ያለበት ቤት ብትገቡ፣ ጠጠሮቹን እባካችሁ አትንቀሉ። የጌጡ መልስ ይኸውና፤ ወታደሩ ከመ6 ወደ መ7። በዚያው አድርሱልኝ። አሁን ተራው የሙሳ ነው። ግንቡም እዚያው ለ2 ላይ እንዳለ ነው፣ አልተነሳም በሉት።